ትልቅ ፋይል እየተላከ ሲቆም ኔትወርኩን ብቻ መውቀስ ይብቃ

ትልቅ ፋይል መሃል ላይ በተቋረጠ ቁጥር «ኔትወርኩ ነው» ይባላል። ራውተሩ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ፋይሉ ከዜሮ ይላካል፤ ከዚያ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ልብ የማይባለው ይህ «እዚያው ቦታ» የሚለው ነው። ደካማ መስመር አንዴ በ300 ሜጋባይት፣ አንዴ በ7 ጊጋባይት ላይ ይጥላል እንጂ ቦታ አይመርጥም። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ የሚቆም ከሆነ የሆነ ቦታ ገደብ አለ ማለት ነው፤ መቶ ጊዜ ቢደጋገምም አያልፍም። ስለዚህ ዳግም ከመላካችሁ በፊት መድረሻው ላይ የቀረውን ቁራጭ ፋይል መጠን እዩ። በጊጋባይት ተጠጋግቶ የተጻፈውን ሳይሆን በባይት ያለውን።

2,147,483,647 ላይ ከቆመ፣ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ከዜሮ በታችም በሚይዝ 32 ቢት ቁጥር ነው፤ ከዚህ በላይ መቁጠር አይችልም። መላው አዲስ ቨርዥን መጫን ወይም ፕሮግራሙን መቀየር ነው።

4,294,967,295 ላይ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መድረሻው ዲስክ ነው። ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደራደር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ገና 50 ጊጋ ባዶ ቦታ አለው እኮ» ይባላል። ይኑረው! ገደቡ የፋይሉ እንጂ የባዶ ቦታው አይደለም። ፍላሹን በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት፤ ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ያ ካልተቻለ ፋይሉን ከ4 ጊጋ በታች ቆራርጡት።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳይቆም የሚሳሳተው ነው። 5,368,709,120 ባይት፣ ማለትም 5 ጊጋ የሆነ ፋይል፣ 32 ቢት ውስጥ ሲገባ ሞልቶ ይዞርና 1,073,741,824 ሆኖ ይነበባል። ልክ 1 ጊጋ። ፕሮግራሙም 1 ጊጋ ልኮ «ተጠናቋል» ይላል፤ ስህተት የሚባል ነገር አያሳይም። ቁጥሩ ከዜሮ በታችም የሚይዝ ከሆነ 3 ጊጋ ደግሞ ከዜሮ በታች ሆኖ ይታያል። የፋይል መጠን ከዜሮ በታች ወይም ፐርሰንቱ ከ100 በላይ ሲሄድ ካያችሁ ያንን ፕሮግራም ለትልቅ ፋይል አትመኑት።

«ማሽኑ 64 ቢት ስለሆነ ይህ አይመለከተኝም» የሚሉ ኮድ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ 64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ እንኳ የሲ ቋንቋ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት 32 ቢት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የደረሰበትን ቦታ በእሱ የሚይዝ ኮድ 2 ጊጋ ላይ ይወድቃል። 64 ቢት መሆኑ በስሙ የተገለጸ ዓይነት ተጠቀሙ። ሊኑክስ ላይም አንድ የ«ራይት» ጥሪ (ፕሮግራሙ ሲስተሙን «ጻፍልኝ» የሚልበት ትእዛዝ) ቢበዛ 2,147,479,552 ባይት ነው የሚጽፈው። ስንት እንደተጻፈ የሚመልሰውን ቁጥር ሳያይ የሚያልፍ ኮድ ቀሪውን ይጥለዋል። የቀረው ዜሮ እስኪሆን በሉፕ መጻፍ ግዴታ ነው።

«ለትልቅ ፋይል ትልቅ ራም ያስፈልጋል» የሚባለውም ስህተት ነው። በ1 ሜጋባይት በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) እያነበበ የሚጽፍ ፕሮግራም 100 ጊጋም ይልካል። ራም የሚበላው ሙሉውን ፋይል አንብቦ ካልጨረሰ መጻፍ የማይጀምር ፕሮግራም ነው።

«መስመሬ 100 ሜጋ ነው፣ ለምን በሰከንድ 100 ሜጋባይት አይልክም?» የመስመሩ 100 ሜጋ ሜጋቢት ነው፣ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ለ8 አካፍሉት፤ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። 10 ጊጋባይት፣ እዚህ ላይ 10,000 ሜጋባይት ብለን ብንቆጥረው፣ በጣም ቢፈጥን 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወስዳል።

ፋይል ወደ ድረ ገጽ ስትልኩ ሰርቨሩ 413 የሚል የስህተት ቁጥር ከመለሰ የተላከው ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው። ኤንጂንኤክስ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ካልተስተካከለ የሚፈቅደው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው።

«መጠኑ እኩል ነው፣ ስለዚህ በደንብ ደርሷል» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ገና ሲጀምሩ የፋይሉን ሙሉ ቦታ ቀድመው ይይዛሉ፤ 10 ፐርሰንት ላይ ቢቋረጥም መጠኑ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ካቆመበት ሲቀጥልም መነሻው ፋይል በመሃል ተቀይሮ ከነበረ፣ የአሮጌው ግማሽና የአዲሱ ግማሽ ተሰፍተው አንድ ፋይል ይሆናሉ፤ መጠኑ ደግሞ ልክ ሊመጣ ይችላል። በሁለቱም ጫፍ ሻ-256 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ 64 ምልክት) አስሉና 64ቱን ምልክት አመሳክሩ። አንዱ እንኳ ከተለየ ዋናውን ፋይል ከመነሻው እንዳታጠፉት።