«ፊት ቱ ፔጅ» ምንድን ነው? የበርጩማዬን እግር ያሳጠረው ምልክት

አምና አንዲት የቡና በርጩማ ልሠራ ተነሳሁ። እግሯ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ውጭ ቆልመም ይላል። እንዲህ ያለ ቅርጽ በሜትርና በእርሳስ እንጨት ላይ ማውጣት ራስ ያዞራል። ስለዚህ ስኬችአፕ በሚባለው የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም ላይ ሣልኩት፤ በልኩ ፕሪንት አስደረግሁት። ወረቀቱን ዋንዛው ላይ ለጥፌ መስመሩን ተከትዬ ቆረጥኩ፤ ቀዳዳዎቹንም በመሮ አወጣሁ። እግሮቹን የሚያያይዙትን አግዳሚዎች ግን ቁጥሩን አንብቤ፣ በሜትር ለክቼ ነው ያዘጋጀኋቸው።

ሲገጣጠም ጉድ ፈላ። የአግዳሚው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለ። አንዱ ብቻ ቢሆን እጄን እወቅስ ነበር፤ ግን ሁሉም እምቢ አሉ። ሜትሬን አውጥቼ እግሩን ለካሁ። ወረቀቱ ላይ 250 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ሜትሩ 240 ይላል። 30 መሆን የነበረበት ቀዳዳም 29 እንኳ አልሞላም። ዋንዛ ደግሞ በዚህ ዘመን ዋጋው ይታወቃል።

ጥፋተኛው ፕሪንት ሲደረግ ማንም ያላየው አንድ ትንሽ ምልክት ነው፦ «ፊት ቱ ፔጅ»።

ትርጉሙ «ከገጹ ጋር አስማማው» ነው። ፕሪንተሮች በአብዛኛው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ማተም አይችሉም፤ በየዳሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ይተዋሉ። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 4 ከምናምን ሲቀነስ ስፋቱ 201 ወይም 202 ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጠርዙ እንዳይቆረጥብን አስቦ ገጹን በሙሉ ወደ 96 በመቶ ያሳንሰዋል። ለደብዳቤ ወይም ለሠርግ ጥሪ ይህ ደግነት ነው። 96 በመቶ የሆነ ደብዳቤ ማን ያውቅበታል? ለአናጺ ግን 250ው 240 ሆነ ማለት ነው። ፊት ስለሰጠነው ነው እንጂ ገና ከመጀመሪያው መጥፋት የነበረበት ምልክት ነው።

ክፋቱ ደግሞ አብሮ የማያንሰው ነገር መኖሩ ነው። መስመሩ ያጥራል፤ አጠገቡ የተጻፈው ቁጥር ግን ያው 250 እንደሆነ ይቀራል። ዓይን ቁጥሩን አምኖ ያልፋል።

ሌላው ወጥመድ የአሜሪካኖቹ ወረቀት ነው። ብዙ ፕሮግራም ሲጫን የሚመርጠው ገጽ ሌተር ይሆናል፤ እሱ 215.9 በ279.4 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ፕሪንተር ውስጥ ያለው ኤ4 ነው። ሰፊውን ጠባቡ ላይ አስማማ ሲባል፣ ዳሩን ሳንቆጥር እንኳ ወደ 97 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የገጹ መጠን ኤ4 መሆኑን እዩ።

አሁን ምልክቱ የት የት እንደሚደበቅ እንይ። ችግሩ አንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ስኬችአፕ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ካሜራው ነው። ፐርስፔክቲቭ ላይ ከሆነ የራቀው ያንሳል፣ የቀረበው ይገዝፋል፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ስኬል (የሥዕሉ መጠን ከእውነተኛው ልክ ጋር ያለው ንጽጽር) ሊኖረው አይችልም። የፕሪንት መስኮቱ ላይ የስኬል ሳጥኖቹ ደብዝዘው አልነካ ካሉ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ካሜራ ከሚለው ውስጥ ፓራለል ፕሮጄክሽን (የራቀውን የማያሳንሰውን እይታ) ምረጡ፤ ከዚያ ቶፕ (ከላይ) ወይም ፍሮንት (ከፊት) አድርጉ። ማውዙን ነክታችሁ ሥዕሉን ትንሽ ካዞራችሁት እንደገና መመለስ ነው። ቀጥሎ ፊት ቱ ፔጅ የሚለውን አጥፉ፤ ሁለቱ የስኬል ሳጥኖች ላይ 1 እና 1 ጻፉ። ሥዕሉ ከወረቀቱ ከበለጠ በብዙ ገጽ ከፋፍሎ ያወጣዋል፤ አትደንግጡ።

አውቶካድ በሚባለው ሌላ የመሣያ ፕሮግራም ላይ ስሙ ፊት ቱ ፔፐር ነው። እሱን አጥፍቶ 1 ለ 1 መምረጥ። የሥዕሉና የፕሪንቱ መለኪያ ተለያይተው አንዱ ሚሊ ሜትር ሌላው ኢንች ከሆነ ግን ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ነው። ሥዕሉ የጤፍ ቅንጣት አክሎ ከወጣ ወይም አንድ መስመር ብቻ ገጹን ከሞላው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

እኔን የጣለኝ ግን ሦስተኛው ቦታ ነው። ስኬችአፕ ላይ ሁሉን አስተካክዬ ፒዲኤፍ አወጣሁ፤ በቴሌግራም ለኮፒ ቤቱ ልጅ ላክሁ። ልጁ ከፈተው፣ ፕሪንት አለው፣ አለቀ። የፒዲኤፍ ማንበቢያውም የራሱ ፊት አለው! አክሮባት በሚባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ላይ መምረጥ ያለብን አክችዋል ሳይዝ («ትክክለኛ መጠን») የሚለውን ነው። ብሮውዘር ላይ ከተከፈተ ደግሞ ስኬል በሚለው ቦታ 100 መጻፍ። የፕሪንተሩ የራሱ ማስተካከያም አንዳንዴ ሌላ ማሳነሻ ይዞ ይጠብቃል። እንደ ፎቶ ወይም ስክሪንሾት የተላከ ሥዕልማ ልኩን ጥሎት ነው የሚሄደው፤ እሱን ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

ታዲያ ኮፒ ቤት ቆሞ ሰውን መጨቅጨቅ አይቻልም። ወረፋ አለ። መፍትሔው ሥዕሉ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። አሁን ምንም ስሥል ከጥግ ላይ ሁለት መስመር እጨምራለሁ፦ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁልቁል፣ ሁለቱም 100 ሚሊ ሜትር። ሁለት የሆኑት ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫና በጎኑ ስህተቱ ሊለያይ ስለሚችል ነው። ሜትር ካልያዝኩ ደግሞ 85.6 በ54 የሆነ አራት ማዕዘን አለኝ። የኤቲኤም ካርድ ልክ ነው፤ የትኛውም ባንክ ይስጠው መጠኑ አንድ ነው። ካርዴን ከቦርሳ አውጥቼ እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። መስመሩ ከካርዱ ሥር ከተደበቀ ወረቀቱ አንሷል፤ ሒሳብ ሳልከፍል እመልሰዋለሁ።

100ው መስመር 96 ሆኖ ከወጣ 100ን ለ96 አካፍሎ 104.2 በመቶ ብሎ መሞከር ይቻላል። አይመከርም ግን። ነገ ሌላ ፕሪንተር ላይ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ከኤ4 ለሚበልጥ ነገር፣ ለምሳሌ ለወንበር ጀርባ፣ ሁለት መንገድ አለ። ፕሎተር (ትልልቅ ወረቀት የሚያትም ማሽን) ያለው ቤት ሄዶ ኤ1 ላይ ማውጣት፤ 594 በ841 ነው፣ ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። ወይም አክሮባት ላይ ፖስተር የሚለውን መርጦ በኤ4 ከፋፍሎ መለጠፍ። ስትለጥፉ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። እኩል ካልሆኑ ወረቀቱ ተጣሟል። የታተመውን በክረምት ቀናት ሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ አታሳድሩት፤ ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ልክ እንደ ጣውላው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚያስፈልገው ግን ለቆልማማ ቅርጽ ብቻ ነው። ኪችን ካቢኔት ወይም ቁም ሳጥን ሁሉም ቀጥ ያለ ስለሆነ በልኩ ማተም ወረቀት ማባከን ነው። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 2440 በ1220 ነው፤ 1 ለ 10 ሲሣል 244 በ122 ይሆንና ኤ4 ላይ ይገባል። ቆራጩ ቁጥሩን ያነባል እንጂ ወረቀቱን በሜትር አይለካም። እዚያ ላይ ፊት ቱ ፔጅ ቢያሳንሰውም ግድ የለም፤ እኔ እንዲያውም «በወረቀቱ ላይ አትለካ» ብዬ በደማቁ እጽፍበታለሁ።