የሃይስኩል እንግሊዝኛ የሥነ ጽሑፍ ቃላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከእንግሊዝኛ ክፍል ረጅም የቃላት ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ)፣ አይሮኒ (ምፀት)፣ ቲም (ጭብጥ)፣ ቶን፣ ፎርሻዶዊንግ (ንግር) እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ዝርዝር ልጆችም ወላጆችም ከልባቸው የሚያምኗቸው፣ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች አሉ። ልጆች ሳስጠና ደጋግመው የሚገጥሙኝን ላንሳ።

«ትርጉሙን የሸመደደ አለፈ»

ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ልጁ ቃሉን በካርድ ፊት፣ ትርጉሙን በጀርባው ጽፎ ሌሊቱን ሲያነበንብ ያድራል። ጠዋት ፈተናው ላይ የሚጠብቀው ግን አንድ ገጽ ታሪክ ወይም ግጥም ነው።

ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀውን የኤፒ (በሃይስኩል የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና እንይ። በአንድ ሰዓት 55 የምርጫ ጥያቄዎች ይሠራሉ፤ ከዚያ በሁለት ሰዓት 3 ድርሰቶች ይጻፋሉ። ከጠቅላላው ውጤት 55 በመቶውን የሚይዙት ድርሰቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ድርሰት ከ6 ይታረማል። ከ6ቱ 4ቱ የሚሰጠው ከጽሑፉ ማስረጃ አውጥቶ ላብራራ ተማሪ ነው። ትርጉም በቃሉ ለጻፈ የተመደበ ነጥብ የለም።

«ደራሲው እዚህ ጋ ሜታፎር ተጠቅሟል» ብሎ እዚያው ማቆም ስም መጥራት ብቻ ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዘይቤው ምን አደረገ? ቢወጣ ምን ይጎድላል? «ብዙ ቃል የደረደረ ብዙ ያገኛል» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። አንዱን ዘይቤ በደንብ የፈታ አንቀጽ አምስት ስም ከደረደረው ይሻላል።

«አይሮኒ ማለት አሽሙር ነው»

አሽሙር የአይሮኒ አንድ ጠርዝ ብቻ ነው። በዘጠነኛ ክፍል በብዛት የሚነበበውን፣ ከበደ ሚካኤልም ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒር ሮሚዮና ጁልየት እንውሰድ። ገና በመግቢያው ግጥም ሁለቱ ፍቅረኞች እንደሚሞቱ ይነገረናል። በኋላ ጁልየት ለ42 ሰዓት የሞተች የሚያስመስል መድኃኒት ትጠጣለች። መልእክቱ ለሮሚዮ አይደርሰውም። መቃብሩ ውስጥ ሲያገኛት ከንፈሯና ጉንጯ ገና ቀይ መሆኑን ያያል፤ በአፉም ይናገረዋል። ሞት ውበቷን ያላሸነፈው ይመስለዋል።

እኛ ለምን እንደቀላ እናውቃለን። ልትነቃ ነው! እሱ ግን አያውቅም፤ መርዙን ይጠጣል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይው ሳያውቅ ሲቀር ድራማቲክ አይሮኒ ይባላል። እዚህ ትዕይንት ውስጥ ማንም ማንንም አላሸሞረም። ልብ የሚያደማው ያ የእውቀት ልዩነት ነው።

በነገራችን ላይ ክፉ አጋጣሚ ሁሉ አይሮኒ አይደለም። አውቶቡስ ቢያመልጥህ ዕድልህ ነው፤ አንድ አጋጣሚ አይሮኒ ለመሆን የተጠበቀውና የሆነው ተቃራኒ መሆን አለባቸው።

«‹እኔ› እያለ የሚተርከው ደራሲው ነው»

ኤድጋር አለን ፖ በ1843 ባሳተመው «ዘ ቴል ቴል ሃርት» የሚባል አጭር ልቦለድ ውስጥ የሚተርከው ሰው ገና ከመጀመሪያው «እብድ አይደለሁም» ብሎ ይከራከራል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ የገደለው ዓይኑን ስለጠላው ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። ሬሳውን ከወለሉ ጣውላ ሥር ይደብቃል። ፖሊሶች መጥተው ሲያወሩት የሞተው ሰው ልብ ሲመታ ይሰማዋል፤ አላስችል ብሎት ራሱ ይለፈልፋል።

ፖ ሰው አልገደለም። ሆን ብሎ የማይታመን ተራኪ ፈጠረ። ጤነኛ መሆኑን ባስረዳ ቁጥር ጤናውን ይበልጥ እንጠራጠራለን። ይህን ዓይነቱን ተራኪ «የማይታመን» ብሎ የሰየመው አሜሪካዊው ሃያሲ ዌይን ቡዝ ነው፤ በ1961። በድርሰቱ «ፖ እብድ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የታሪኩን ትልቁን ጥበብ ያልፈዋል።

ትንንሾቹ፣ በቶሎ

«‹እንደ› ካለበት ሲሚሊ (አነጻጻሪ ዘይቤ) ነው» ይላሉ። «እንደ እናቷ ረጅም ናት» ተራ ማወዳደር ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ነው የተለካው። «እንደ ባሕር ዛፍ ረጅም ናት» ሲባል ግን ሲሚሊ ይሆናል።

«የታሪኩ ቲም ፍቅር ነው» የሚለውም አይበቃም። ፍቅር ርዕሰ ጉዳይ ነው። ቲም ታሪኩ ስለ ፍቅር የሚለው ነገር ስለሆነ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል።

ቶንና ሙድም ይምታታሉ። ቶን ጸሐፊው ለጉዳዩ ያለው አመለካከት ነው፤ ሙድ ደግሞ አንባቢው ላይ የሚያርፈው ስሜት።

«ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ከዜሮ ይጀምራል»

ይህን ስሰማ በጣም አዝናለሁ፤ ልጁን ያለጥፋቱ አንገቱን ያስደፋዋል። አገር ቤት አማርኛ የተማረ ልጅ ገጸ ባሕርይን፣ መቼትን፣ ግጭትን፣ ጭብጥን፣ ምልሰትን፣ ንግርን ያውቃል። ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምፀት ከተባለ ምሳሌ ያመጣል። የጎደለው የእንግሊዝኛው ስም ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁ ክፍል ያነበበውን ታሪክ መጀመሪያ በአማርኛ ይተንትንላችሁ። ከዚያ ስሙን በእንግሊዝኛ ይለጥፍበት።

አንድ ቦታ ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰምና ወርቅን «ሜታፎር ማለት ነው» ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉ። በአማርኛ ግጥም እንደምንማረው፣ ሰምና ወርቅ በኅብረ ቃሉ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ቃል ሁለት ዓይነት ተነብቦ ሁለት ፍቺ ይሰጣል። በእንግሊዝኛው ዝርዝር የሚቀርበው ለፐን፣ ማለትም በቃል ድርብ ፍቺ ለሚሠራው የቃላት ጨዋታ ነው። ፐን ግን ባብዛኛው ለጨዋታ ይውላል፤ በሰምና ወርቅ ለቅሶም፣ ተግሣጽም፣ ጸሎትም ይባልበታል። ልጁ ይህን ልዩነት ለአስተማሪው ቢያስረዳ ክፍሉ ሁሉ ይማርበታል።