የጭላዳ መንጋ አለቃ የለውም
«ከዚህ ሁሉ ጭላዳ አለቃው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ፦ የመንጋው አለቃ የሚባል የለም። ወሎ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወይም ቦረና ሳይንት ገደል አፋፍ ላይ 200 ጭላዳ አብሮ ሲግጥ ብታዩ፣ ያ የብዙ ቤተሰብ ስብስብ ነው። አንዱ ቤተሰብ አንድ ጎፈራም አባወራ፣ ከ1 እስከ 12 ገደማ ሴቶችና ግልገሎቻቸው ናቸው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ተጠግቶ የሚኖር ሁለተኛ ወንድ አለው። ሴት ያላገኙት ለብቻቸው ተቧድነው ዳር ዳሩን ይላሉ።

ጎፈሩን አይቶ «ቤቱ የወንዱ ነው» ማለት ግን አይሆንም። ቤቱ የሴቶቹ ነው። እናት፣ ልጅ፣ እህት ሆነው በተወለዱበት ይቀራሉ፤ ወጥቶ የሚሄደው ወንዱ ነው። አባወራው አንዷን ቢያስፈራራ ሌሎቹ ተባብረው ይጮኹበታል፣ ሲብስም ያባርሩታል። ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ያለው ሃማድሪያስ ዝንጀሮ ሌላ ነው፤ የራቀችበትን ሴት አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማውራት ነው።

ለምሳሌ አንድ ጎረምሳ አባወራውን ቢያሸንፈው ሴቶቹ አይበተኑም፤ ወንዱ ብቻ ይቀየራል። የተሸነፈው ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ የደረቱ ቅላት ይደበዝዛል፣ ግልገሎቹንም ይጠብቃል። ምክንያት አለው፦ አዲሱ ወንድ ጡት የሚጠቡትን ሊገድል ይችላል፤ ልጇ የሞተባት እናት ቶሎ ለመራባት ትደርስለታለችና።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው የሴቶቹ ቁጥርና የመንጋው ብዛት ነው። ቤተሰቦቹ በግጦሽ ላይ ይቀላቀላሉ፣ መልሰው ይለያያሉ።