«ፓወር ጉድ» ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው «የቤቴ ኮምፒውተር በራሱ እየጠፋ ይነሣል» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ቢሄድ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍና የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል፣ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ድንገት ጠፍቶ ይነሣል። እኔም ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶብኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከፍዬበታለሁ። ያን ጊዜ ያልገባኝና ዛሬ ልገልጸው የምፈልገው ነገር፣ ያለ አንዳች መልእክት ድንገት ጠፍቶ የሚነሣ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የተሰጠውን ትእዛዝ እየፈጸመ መሆኑን ነው። ያ ትእዛዝ የሚተላለፍበት ምልክት «ፓወር ጉድ» ይባላል።

ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ጥቂት ያስቃል። «ጉድ» በእኛ ቋንቋ የሚያስደንቅ ወይም የሚያሳፍር ነገር በመሆኑ፣ ቃሉን መጀመሪያ የሰማ ሰው «የመብራት ጉድ» የተባለ ሊመስለው ይችላል፤ ስሙን ያወጡት መሐንዲሶች ግን «ኃይሉ ደኅና ነው» ለማለት ነው የተጠቀሙበት። የጎንደር ነዋሪ የመጀመሪያውን ትርጉም ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ምልክቱን የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል ነው። በእኛ ዘንድ በልማድ «ሲፒዩ» እየተባለ የሚጠራው ሳጥን ሲከፈት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትና የራሱ ፋን ያለው የብረት ሣጥን ይታያል፤ እሱ ነው። ሥራው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የግድግዳውን 220 ቮልት ተቀብሎ፣ ኮምፒውተሩ ወደሚፈልጋቸው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት መለወጥ ነው። የማብሪያው ቁልፍ ሲነካ እነዚህ ቮልቴጆች ወዲያው ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ይወጣሉ፣ ጥቂት ይዋዥቃሉ፣ ከዚያ ይረጋጋሉ። ፓወር ሰፕላዩ መረጋጋታቸውን ካረጋገጠና ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከጠበቀ በኋላ፣ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ 5 ቮልት ገደማ ክፍሎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ይልካል። ማዘርቦርዱ ያችን ምልክት እስኪያገኝ ድረስ ስሌቱን የሚሠራውን ክፍል፣ ፕሮሰሰሩን፣ አንድም ሥራ አያስጀምረውም። ፓወር ሰፕላዩ የቆየና ሽቦዎቹ በቀለም የተለያዩ ከሆነ፣ ወደ ማዘርቦርዱ በሚገባው ትልቁ ሶኬት ላይ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንድ ብቻውን ያለው ግራጫ ሽቦ ፓወር ጉድ ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ላይ ነበረ፣ ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደንብም ይዞት ቀጥሏል።

የምልክቷ ጥቅም በደንብ የሚታየው ግን ስትጠፋ ነው። ፕሮሰሰር ቮልቴጅ ሲያንሰው እንደ አምፖል ደብዝዞ ብቻ አይቀርም፤ መሳሳት ይጀምራል፣ የተሳሳተውንም ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁን ጠብቆ ማቆየት እንደማይችል ሲያውቅ ምልክቷን ያቋርጣል፤ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩን በዚያው ቅጽበት ያስቆመዋል። የግድግዳው ኃይል ወዲያው ከተመለሰ ምልክቷም ትመለሳለች፣ ኮምፒውተሩም ከመጀመሪያው ይነሣል። እኛ «በራሱ ሪስታርት አደረገ» የምንለው ይህንን ነው።

ምልክቷ የምትቋረጠው መብራቱ ሲሄድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስቸገረ ነበር። አንድ ደኅና ፓወር ሰፕላይ ኃይል ከተቋረጠበት በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ባጠራቀመው ጉልበት ሙሉ ሸክም ተሸክሞ ሊቆይ የሚጠበቅበት ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። የእኛ መብራት አንድ ጊዜ ለመመላለስ 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወስድበት፣ ይህ ከአንድ ምልልስ ያነሰ ዕድሜ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አምፖሉ እልም ብሎ ሲመለስ፣ ሰው «መብራት አልሄደም» ብሎ ምሎ በሚከራከርበት ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ ሞቶ ተነሥቷል። በዚያው ሶኬት ላይ ያለው ላፕቶፕ ምንም የማይሰማው ባትሪ ስላለው ነው።

በእኛ ቤት የሆነውን ላውሳ። ሁለተኛው ፎርማት ካልረዳ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ የጠፋበትን ሰዓት በወረቀት መመዝገብ ጀመርሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ጠፋ፤ ከሰባቱ ስድስቱ ረቡዕና ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበሩ። ቫይረስ ቀን መርጦ ለምን እንደሚመጣ ሳሰላስል እናቴ ከማድ ቤት የምጣዱን አክንባሎ ስታነሣ ሰማሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ምጣዱና ኮምፒውተሩ ኃይል የሚያገኙት ከቆጣሪው ከሚመጣ አንድ ሽቦ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቼ መጋጠሚያውን ሲከፍተው ብሎኑ ላልቶ የሽቦው ጫፍ ጠቁሮ ተገኘ። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር በዚያ የላላ መጋጠሚያ ላይ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል። ለእናቴ ሳስረዳት «እንግዲያስ እንጀራው ይቅርልህ?» አለችኝ።

ምጣዱ ግን ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም፤ ደኅና ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለውን ትንሽ መውረድ ይችለዋል። የእኛው ያገለገለ ዕቃ ሆኖ የተገዛ ነበር። ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደክማሉ፤ የደከመ ካፓሲተር 16 ሚሊ ሰከንዱን ቀርቶ ግማሹንም ላይሸከም ይችላል። በተለይ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶችና ፓወር ሰፕላዮች በውስጣቸው ጥራት የሌለው ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች ስለነበሩባቸው ያለ ዕድሜያቸው ተበላሽተዋል። በማዘርቦርድ ላይ ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል፤ የደኅናው ካፓሲተር ራስ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የተበላሸው እንደ ቦካ ሊጥ ወደ ላይ ያብጣል፣ አንዳንዴም ቡናማ ነገር ያወጣል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ለማየት ብሎ መክፈት አይገባም፤ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ስለሚይዝ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋው የኃይል ችግር ነው ወይስ ሌላ? የመጀመሪያው መለያ መልእክት መኖርና አለመኖሩ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ስሕተት ሲያገኝ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፤ በቅርብ የወጡት የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ጥቁር አድርገውታል። ችግሩ፣ ዊንዶውስ ሲጫን ከዚህ ስክሪን በኋላ ወዲያው ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ ስክሪኑ ሳይነበብ ያልፋል። «ሲስተም ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ሥር «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ተከፍቶ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ከሚለው ፊት ያለው የ«ራይት» ምልክት ከጠፋ፣ ስክሪኑ እስኪነበብ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ተደርጎም ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ስክሪን እልም ብሎ ከጠፋ፣ ዊንዶውስ የሆነውን አላወቀም ማለት ነው።

«ኢቨንት ቪውወር» የተባለውን መዝገብ የሚከፍት ሰው በቀይ ምልክት የተጻፈ «ከርነል ፓወር 41» ያገኛል፤ ብዙዎችም የበሽታው ስም የተገኘ ይመስላቸዋል። አይደለም። 41 የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ ዘበኛ ጠዋት በሩን ክፍት አግኝቶ «በሩ ተከፍቷል» ብሎ እንደሚመዘግብ ያለ ነው፣ ማን እንደከፈተው አያውቅም። የሚጠቅመው በዝርዝሩ ውስጥ ያለው «ባግቼክ ኮድ» ነው፤ ቁጥሩ ከ0 የተለየ ከሆነ ዊንዶውስ ስሕተት አይቶ ነበር፣ 0 ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ኃይልና ወደ ሃርድዌር ይሄዳል።

ሰማያዊ ስክሪኑ በመጣ ቁጥር የተለያየ የስሕተት ስም የሚያሳይ ከሆነ የሚጠረጠረው ራም የሚባለው የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ነው፤ ራሙን ነቅሎ፣ ጫፉን አጽድቶ መልሶ መሰካትና በዊንዶውስ የሜሞሪ መመርመሪያ ሌሊቱን መፈተን ይበጃል። ሙቀት ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ካልበቃ ኮምፒውተሩን ያጠፉታል፤ እንደዚያ የጠፋ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቁልፉ እስኪነካ ጠፍቶ ይቆያል እንጂ ወዲያው አይነሣም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመር፣ ፋኑን በዓመት ሁለት ጊዜ ማጽዳት አይበዛበትም።

ፓወር ሰፕላዩን ለመፈተን የማምነው መንገድ ሥራው የታወቀ ሌላ ተውሶ መቀየር ነው። መልቲሜትር የሚባለው የቮልቴጅ መለኪያ ያለው ሰው ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ በሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ ቢጫውንና ጥቁሩን ሽቦ ቢለካ፣ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማግኘት አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ደክሟል። ልኬቱ ደኅና መሆኑ ግን ነጻ አያወጣውም፤ መልቲሜትር የአሥር ሚሊ ሰከንድ መውረድን ለማየት በጣም ቀርፋፋ ነው።

ገበያ ላይ «ስታቢላይዘር ግዛ» የሚል ምክር አይታጣም። ስታቢላይዘር የሰነፈ ወይም የበረታ ቮልቴጅን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ባትሪ ስለሌለው ለተቋረጠ ኃይል መልስ የለውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ ተራው የቤት ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመሻገር የሚፈጅበት ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ደኅና ፓወር ሰፕላይ የሚችለው ነው። የደከመው ግን በዚያችም መካከል ምልክቷን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቅድሚያውን ለፓወር ሰፕላዩ እሰጣለሁ። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ፣ ከበስተጀርባው 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለች፣ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኗን ይይ፤ 115 ላይ እንዳለች በ220 ከተሰካ በአንድ ድምፅ ያልቃል።

እኛ ቤት ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ፣ ምጣዱም የራሱ ሽቦና ብሬከር ተዘረጋለት። ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው 41 አንድ ብቻ ነው፤ በሐምሌ፣ ነጎድጓድ በነበረበት ማታ፣ ሠፈሩ ሁሉ ጨልሞ ሳለ።