«አንድ ያጣላል» የማን ቃል ነው?

ባለፈው ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ቀን፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘመድ ቤት ተሰብስበን ነበር። አንድ ጎረምሳ ባዶ ሳህኑን ይዞ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ሁለተኛ የተርኪ ሥጋ ቁራጭ አነሳና «አንድ ያጣላል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። የሰማውን ነው የደገመው። ትልልቆቹም ለራሳቸው ሁለተኛ ብርጭቆ ሲቀዱ ይሉታል። ሱቅ ውስጥ ሁለተኛ ሸሚዝ ሊያስገዛችሁ የሚፈልግ ሻጭም ይለዋል። ቃሉ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ቀርቷል።

ባለቤቱ አጉራሽ ነው። አጉራሽ እጁን ዘርግቶ፣ ጎራሽ አፉን በእጁ ሸፍኖ «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ሲል፣ ያኔ ነው የሚባለው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል።» ሦስተኛው እንደየቤቱ ይለያያል። እኛ ቤት ሦስተኛው የሥላሴ ነበር። ሥላሴን እምቢ የሚል ደግሞ አልነበረም።

እኔ ይህን አባባል የለመድኩት ጎጃም፣ አያቶቼ ማሳ ላይ ነው። ህዳር ሲገባ ጤፉ ይደርሳል፣ ደቦ ይጠራል። ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ በማለዳ ይመጣል። ለጉልበቱ ገንዘብ አይከፈለውም። የባለማሳው ግዴታ ማብላትና ማጠጣት ነው፤ ጎረቤቱ ሲጠራው ደግሞ ማጭዱን ይዞ መሄድ። ጠላው ቀደም ብሎ ተጠንስሶ ደርሷል። አጫጆቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ነዶውን ከኋላቸው እየጣሉ ይሄዳሉ። እኛ ልጆቹ ከኋላ ቃርሚያ እንለቅማለን።

እኩለ ቀን አለፍ ሲል አያቴ አገልግል አሸክማን ማሳው ዳር ትደርሳለች። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ስለሚገባ ወጡ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮ ወይም ክክ ነበር። ሰው ተቀምጦ ከመብላቱ በፊት እሷ መጀመሪያ በሰልፉ ታልፋለች። እንጀራውን ከዳሩ ትቆርሳለች። ወጡን መሃሉ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጣቶቿ ወደ ውስጥ እያጠፈች ትጠቀልለዋለች። ግራ መዳፏን ከሥር ትዘረጋለች፣ ጠብታ መሬት እንዳይነካ። አጫጁ ከጎንበሱ ቀና ይላል። እጁ አቧራና ገለባ ነው፣ ስለዚህ አፉን ብቻ ይከፍታል። ጉርሻዋ ትልቅ ነበር፤ ጉንጭ ሞልቶ ለጊዜው መናገር እስኪያቅት ድረስ። እስከ ሰልፉ መጨረሻ ትሄድና ትመለሳለች። ከመጀመሪያው ሰው ትጀምራለች፣ እንደገና። «ኧረ በቃኝ እትዬ!» ሲሏት «በሞቴ! አንድ ያጣላል» ትላለች።

ለምን ያጣላል? አያቴን ስጠይቃት «ቀኝ ጉንጭ በልቶ ግራው ይቀየማል» ትለኝ ነበር። ለልጅ ጥሩ መልስ ነው። ከሠርግ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ሙሽሮች ሲጎራረሱ ከሁለቱ አንዱ እንዳይበልጥ። ይህ ብዙም አያሳምነኝም። ሠርግ ቤት ጉርሻ የሚቆጥር ማን አለ?

የኔ እምነት አባባሉ ደቦ ላይ ተወለደ የሚል ነው። አስቡት። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ለእናንተ አጨደ። አንድ ጉርሻ ብትሰጡት ዋጋውን ከፈላችሁት ማለት ነው፤ ሂሳብ ተዘጋ። ሂሳብ የተዘጋባቸው ሰዎች ደግሞ የሚተሳሰሩበት ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ድንበር ሲገፋ ወይም ከብት እህል ሲገባ ይጣላሉ። ሁለተኛው ጉርሻ ግን የሥራ ዋጋ አይደለም። «ይህ ለማጭድህ አይደለም፣ ለአንተ ነው» ማለት ነው። ደግሞም አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ማን ቀድሞ ጎረሰ፣ ማን ተዘለለ የሚል ቅሬታ ይነሳል። ሁለተኛው ዙር ይህን ሁሉ ይጠርጋል። አያቴ ከመጀመሪያው ሰው እንደገና ስትጀምር የአጫጆቹን ፊት ያየ ሰው ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ታንክስጊቪንግ ገበታ ላይ ቃሉን መስማቴ በራሱ ደስ ይለኛል። እሱም የመኸር በዓል ነው። በ1621 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ማሳቹሴትስ፣ ፕሊመዝ ላይ ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች የመጀመሪያ ምርታቸውን ሰብስበው ሲያከብሩ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከዋምፓኖአግ 90 ያህል ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። ሦስት ቀን አብረው በሉ። እንግዶቹም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 አገር አቀፍ በዓል እንዲሆን አወጁ፤ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ መሆኑ በሕግ የጸናው ደግሞ በ1941 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ህዳር ላይ ይውላል። ጎጃም ጤፍ በሚታጨድበት ወር።

የእኛ ሰው ይህን በዓል ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። ተርኪው በበርበሬና በንጥር ቅቤ ታሽቶ ያድራል። ማክ ኤንድ ቺዙ ከዶሮ ወጡ አጠገብ ይቀመጣል፣ ክራንቤሪ ሶሱ ከአይቡ አጠገብ። በዓሉ ብዙውን ጊዜ ጾም ውስጥ ስለሚወድቅ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ምስር፣ ጎመን፣ ፎሶልያና ሽሮ ይደረደራል። ዱባው እንኳ ሁለት ቦታ አለው፤ ለፈሰከ በፓይ፣ ለጾመ በወጥ። ከመብላት በፊት እንደ አሜሪካኖቹ ሁሉም ተራ በተራ የሚያመሰግንበትን ይናገራል። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ ይመርቃል። እኔ ይህን ገበታ እወደዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ጉርሻ። ሰው ሁሉ የወረቀት ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፣ ያነሳል፣ ሶፋው ጥግ ሄዶ ኳስ እያየ ይበላል። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። «እጅ ንጹሕ አይደለም» ይባላል። ታጠቡ! ድሮም ከማዕድ በፊት በማስታጠቢያ እየተዞረ ይታጠብ ነበር። ሌላው ሲጠፋ ቃሉ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ለራስ መድገሚያ ሰበብ ሆነ። እዚህ የተወለዱትን ልጆች ሳናጎርሳቸው አሳድገን አባባሉን በቦታው እንዲጠቀሙ መጠበቅ አንችልም።

እናም ወላጆች፣ አክስቶች፣ አጎቶች፣ በሚመጣው ህዳር አንድ ትልቅ ትሪ እንጀራ መሃል ላይ ይቅረብ። ሳህኑ እዚያው ይቆይ፣ ማንም አይከለክለውም። መጀመሪያ ግን ልጆቹን ዙሩና አጉርሷቸው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ልጅ እንደገና ጀምሩ። ጾመኛ ካለ ጠይቃችሁ ምስሩን ጠቅልሉለት። እምቢ ካለ «በሞቴ፣ አንድ ያጣላል» በሉት። ለራሳችሁ ሳህን ስትደግሙ ግን ዝም ብላችሁ ድገሙ።