«ዩቲዩብ እያለ መምህር ለምን?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ወላጆች ደጋግመው ከሚሉኝ፣ እኛም መምህራኑ ሻይ ላይ ከምንከራከርባቸው ነገሮች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ፤ መምህር ምን ይሠራል?»

ይሄ በእኛ ተሞክሯል። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መምጣት ጀመረ። የስክሪኑ አስተማሪ ጎበዝ ነበር፤ እንግሊዝኛውም ይፈስሳል። ግን አይጠብቅም። ደብተሬ ላይ ግማሽ መስመር ጽፌ ቀና ስል ሌላ ነገር ጀምሯል። መምህራችን ጥግ ላይ ቆመው እኛን ያያሉ። ግራ መጋባታችንን ከፊታችን ያነቡታል፤ ፕላዝማውን ማስጠበቅ ግን አይችሉም። የዛሬው ቪዲዮ ይቆማል፣ ይደገማል። ትልቅ ነገር ነው። ልጁ የቱ ጋ እንደጠፋበት ግን አሁንም አያውቅም። የመምህር ሥራ ወደዚያ እየሄደ ነው፦ የጠፋበትን ቦታ ማግኘት።

«ቴሌግራም ላይ ማስተማር ማለት ኖት መልቀቅ ነው»

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግሩፕ ከፈትኩና ፒዲኤፍ ስለቅ ከረምኩ። ልጆቹ «እናመሰግናለን ቲቸር» ይላሉ፣ በቃ። አንድ ማታ ግን «-3² ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩና ዝም አልኩ። 9 ዘነበ። አንዲት ልጅ ብቻ «-9 ነው» አለች። ተንጫጩባት። እሷም ወረቀት ላይ ጽፋ ፎቶ ላከች፦ ቅንፍ ከሌለ በራሱ የሚባዛው 3 ብቻ ነው፣ ኔጌቲቩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ 9 የሚሆነው (-3)² ሲሆን ነው። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ያላየሁትን ስህተት በሩብ ሰዓት አየሁት።

«ተማሪ ከተማሪ ከተማረ ስህተት ይባዛል»

ይባዛል፤ ያን ማታ 9 እንደተባዛው። ለዚህ ነው መምህሩ ግሩፑን ጥሎ መጥፋት የሌለበት። ነገሩ ግን ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤትም ሆነ ደረሶች (የእስልምና ትምህርት ተማሪዎች) በሚማሩበት፣ የቆየው ተማሪ አዲሱን ያስጠናል። የኔታም ሆኑ ሼሁ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ሲስት ያርማሉ።

«ይሄ የወጣት መምህራን ነገር ነው»

አይደለም። ጡረታ የደረሱ ባልደረባዬ ድምፃቸውን ብቻ እየቀዱ ይልካሉ። ልጆቹ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ሲያዳምጧቸው አይቻለሁ።

«ስልክ የሌለው ልጅ ቀረበት»

ይህ ግማሹ እውነት ነው፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከቦሩ ሜዳ የሚመጣ ተማሪ አለኝ። ቤታቸው ያለው ስልክ የአባቱ ብቻ ነው፤ ካርድም ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ማታ ግሩፕ ላይ የተነሳውን ጥያቄ ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ። መልሱን አልጽፍም። ክርክሩ ከዚያው ይቀጥላል። ባለፈው ሳምንት ጠመኔውን ከእጄ የተቀበለኝ እሱ ነው።