አንድምታ ምንድን ነው?

አንድምታ የግዕዙን መጽሐፍ በአማርኛ የሚፈታና የሚያብራራ የሊቃውንት የትርጓሜ ስልት ነው። መምህሩ አንዱን ፍች ሰጥቶ ሌላ ሲጨምር «አንድም» ስለሚል ስሙ ከዚያው ወጣ። ይህችን ቃል ብቻ ይዞ «እንደ ፈቀዱ መተርጎም ነው» የሚል ሰው እዚሁ ባሕር ዳር እንኳ አይጠፋም። ከዘጌ እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ ድረስ መነኮሳት ብራና ሲጠብቁ በኖሩበት ሐይቅ ዳር ይህን መስማት ያሳዝነኛል። አንድምታ ልክና ሥርዓት አለው፤ ብሉይ ኪዳንን ይዘን ብናየው ደግሞ ይበልጥ ይገባል።

ብሉይ ኪዳን በአብዛኛው በዕብራይስጥ ተጻፈ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪት ወደ ግሪክ መመለስ ጀመረ፤ ተርጓሚዎቹን ሰብዓ ሊቃናት እንላቸዋለን። የሀገራችን ትውፊት የኦሪትን መምጣት ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ያያይዘዋል፤ ጣና ቂርቆስ የሄደ ሰው ታቦተ ጽዮን በደሴቲቱ እንደ ቆየች ሲነገር ይሰማል። ዛሬ በእጃችን ያለው የግዕዝ ብሉይ ግን በዋናነት በአክሱም ዘመን ከግሪኩ የተመለሰ ነው። ለዚህ ዘፍጥረት 1፥2 ጥሩ ምስክር ነው። ዕብራይስጡ ስለ ምድር «ቶሁ ዋቮሁ» ይላል፤ መልክ የሌላት፣ ባዶ እንደ ማለት ነው። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «ባዶ ነበረች» የሚለው ለዚህ ነው። ሰብዓ ሊቃናት ግን «የማትታይና ያልተዘጋጀች» ብለው መለሱት፤ ግዕዙም እነሱን ተከትሎ «ኢታስተርኢ ወኢኮነት ድሉተ» አለ። ስለዚህ ግዕዙን የያዘ መምህር የሚገጥመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምድር ስለምን አልታየችም? ውኃ ለብሳ ነው? ብርሃን ገና ስላልተፈጠረ ነው? ወይስ የሚያያት ሰው ስላልነበረ? እዚህ ላይ ትርጓሜው ሥራ ይጀምራል።

በጉባኤ ቤት፣ ማለትም መጻሕፍት በሚተረጎሙበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ አንዱ ተማሪ ግዕዙን ያነባል፤ ሌሎቹ በዙሪያው ተቀምጠው ይሰማሉ። መምህሩ መጀመሪያ ነጠላውን ይሰጣል፤ ማለትም ንባቡን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመልሳል። ንባቡ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» (ዘፍጥረት 1፥1) ከሆነ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ሰማይንና ምድርን ፈጠረ። አንድም፣ ቀዳሚ የተባለ ወልድ ነው፤ አብ በልጁ በቃሉ ፈጠረ። ይህ ሁለተኛው ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ሁሉ በእርሱ ሆነ» የሚለው ዮሐንስ 1፥3 ይጠቀስለታል። አንድም የሚባለው ፍች ምስክር ይፈለግለታል፣ ከሃይማኖት እንዳይወጣ ይጠበቃል፣ ከሁሉም በላይ ከመምህር የተቀበሉት መሆን አለበት። ተማሪው በቃሉ ይዞት ይሄዳል እንጂ በራሱ አይፈጥረውም።

የሚገርመው፣ የአይሁድ ሊቃውንትም በዚያው ቁጥር ላይ እንዲሁ ማድረጋቸው ነው። ሚድራሽ በሚባለው ትርጓሜያቸው ሌላ ፍች ሲያመጡ «ዳቫር አሔር»፣ ሌላ ነገር፣ ይላሉ። መጀመሪያ የተባለችው ቶራ፣ ማለትም ኦሪት፣ ናት፤ እግዚአብሔር ዓለምን በእርስዋ ፈጠረ ሲሉም ምሳሌ 8፥22ን ይጠቅሳሉ። መደምደሚያቸው ከኛ ይለያል፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው፦ ቃሉን ያዝ፣ ሌላ ጥቅስ አምጣ፣ አስማማ። የፊተኛውንም ፍች አይሽሩትም።

የአንድምታ ጉባኤ በሚተረጎሙት መጻሕፍት አራት ነው፦ ብሉያት (ብሉይ ኪዳን)፣ ሐዲሳት (ሐዲስ ኪዳን)፣ ሊቃውንት (የቤተ ክርስቲያን አባቶች ድርሳናት) እና መነኮሳት (የመነኮሳት መጻሕፍት)። ወደዚያ የሚገባው ንባቡን፣ ዜማውን፣ በተለይም ቅኔውን የተማረ ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶች በጎጃም መኖራቸው ለዚህ አካባቢ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰምና ወርቅ ሲለይ የኖረ ጆሮ አንድ ንባብ ሁለት ፍች ተሸከመ ቢሉት አይደናገርም።

ትርጓሜው ራሱም ሲመረመርና ሲታረም ኖሯል። በጎንደር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» በሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ተከፍሏል፤ የታች ቤቱ መሪ መምህር ኤስድሮስ ናቸው። ሊቃውንቱ ሲተርኩ፣ ኤስድሮስ ወደ ጣና ደሴቶች ገብተው መጻሕፍት ሲመረምሩ ቆይተው ነው ትርጓሜውን ያቀኑት ይላሉ። በብዛት የተስፋፋው የታች ቤቱ ነው። የላይ ቤቱን ከመረሳት ካዳኑት አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው፤ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። እኚህ ሊቅ ዕብራይስጥም ያውቁ ነበር።

ዛሬ አንድምታ ታትሞ ስለሚሸጥ ጉባኤ ቤት ያልገባም ያነበዋል። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ ግዕዙን ባይችሉም ነጠላውን ሳይጨርሱ ወደ «አንድም» አይዝለሉ። «ሐተታ» ከሚለው በታች ያለው ማብራሪያ ነው፤ «ታሪክ» የሚለው ደግሞ ንባቡ የሚያስታውሰውን ታሪክ ይተርካል። እነዚህን ከንባቡ ጋር ሳይቀላቅሉ የያዘ ሰው፣ መጽሐፉ የሚለው የቱ እንደሆነና መምህራን የሚጨምሩት የቱ እንደሆነ ገጹ ላይ ለይቶ ያያል።